ጊታሬን እንደ አዲስ ስቃኘው

የራሴን ዘፈን መሥራት ስጀምር ትልቁ ምኞቴ ፈጣን ጣት ነበር። ቀን ከሌት ስለማመድ የግራ እጄ አንጓ አበጠ። በተለይ ባሬ ኮርድ፣ አንዱ ጣት ስድስቱንም ክር ተጭኖ የሚይዝበት፣ እንባዬን ያመጣው ጀመር።

ያኔ የካናዳዊቷ ዘፋኝ የጆኒ ሚቼል ታሪክ ትዝ አለኝ። በልጅነቷ ፖሊዮ ግራ እጇን ስላደከመባት፣ ጊታሩን ለእጇ እንዲመች አድርጋ ትቃኘው ነበር። እኔም ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር አንድ አንድ ሙሉ ቶን አላላኋቸው። የክሮቹ ኖታ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ሆነ። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴቪ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ቅኝት ነው። በአንድ ጣት ብቻ ሦስተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያዝኩና ደረደርኩት። ክፍሉ በድምፅ ሞላ። ለወራት እምቢ ያለኝ ዜማ ያን ማታ መጣ።

እጄ ሲያርፍ ጆሮዬ ሥራ ጀመረ። ግጥሞቼን ሳዳምጣቸው ብዙ ያወራሉ። «ናፈቅሽኝ» የሚለውን ሰርዤ «ሁለት ኩባያ አጠብኩ፣ በአንዱ ብቻ ጠጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሁሉ ከዚህች ስንኝ የተማርኩትን ነው።

አልበሙን መኝታ ቤቴ ቀዳሁት፣ በአንድ ማይክሮፎን። ከጊታሩ 30 ሴንቲ ሜትር አርቄ ወደ 12ኛው ፍሬት አዞርኩት፤ ቀዳዳው ፊት ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ ሁሉን ይውጠዋል። ፍሪጁን ነቀልኩ። አንዱ ዘፈን ላይ ወንበሩ ሲጥ አለ። ሲጥታውን ቆርጬ አላወጣሁትም፣ ምክንያቱም ስሜቱ የገባው እዚያ ቅጂ ላይ ነበር።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ ውሉ ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ አንዱ የግጥምና የዜማው፣ ሌላው የቅጂው፣ ማስተር የሚሉት። አንድ አሳታሚ ማስተሩን ሲወስድ ልዩነቱ ሳይገባኝ ፈረምኩ። እዚያው መኝታ ቤት የቀዳሁትን ድምፅ ለሰው ለማካፈል አሁን ፈቃድ እጠይቃለሁ። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ማስተሩ የማን እንደሚሆን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነም ጠይቁ።

አሁን በብዛት የምጫወተው 20 ሰው በማይሞላ ክፍል ነው። ሰው ሲያወራ ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ እንዲያውም ዝቅ አደርጋለሁ። በቀደም የኩባያዋ ስንኝ ላይ ስደርስ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ነበር። የመጨረሻው ክር ዝም እስኪል በእጇ እንደያዘችው ቆየች።