አልጠግግ ያለው ቁስል

ከግራ ቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ በውስጥ በኩል ያለው ቁስል አሁንም አልጠገገም። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ስኳር ነው፤ ተመርምሬ ስኳር እንደሌለብኝ ስነግረው ደግሞ ማር ቀቢው፣ የካፕሱል ዱቄት ነስንሺበት የሚል ምክር ይከተላል። የእኔ ቁስል ሥሩ ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት አብሮኝ የኖረው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሕመም፣ ከጣቶቼና ከጉልበቴ አልፎ የእግሬ ቆዳ ላይ ደርሷል።

ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ እንደ እኔ ባለ ሕመምተኛ እግር ላይ ቁስልን የሚያቆየው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ትናንሽ የደም ሥሮችን ሲያስቆጣ ለቆዳ የሚደርሰው ደም ያንሳል። ቁርጭምጭሚት ደርቆ አልታጠፍ ሲል ደግሞ በእርምጃ ጊዜ ደምን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሥራው ይዳከማል፤ ደሙ እታች ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ያበጠው ቆዳም በትንሽ ግጭት ይላጣል። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው፣ ብግነትን የሚያበርደው ሆርሞን መሰል መድኃኒት አለ። ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ ይኸው ክኒን ቆዳዬን አሳስቶታል፣ የቁስሉንም መዳን ያዘገያል። በድንገት ማቆሙ ግን አደገኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨቱን ይቀንሳልና። ስለዚህ ሐኪሜ የመከላከያ ሥርዓቱን በሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት በተባለ ሌላ መድኃኒት ሕመሙን ይዘው ፕሬድኒሶሎኑን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱልኝ ነው።

ቁስሌን የምታጥብልኝ ሲስተር ከእግሬ ጣቶች ሥር ጀምራ እስከ ጉልበቴ ድረስ በሚለጠጥ ፋሻ አጥብቃ ትጠቀልልልኛለች፤ እብጠቱ በዚህ በጣም ቀንሷል። ይህ ከመጀመሩ በፊት ግን የቁርጭምጭሚቴ የደም ግፊት ዶፕለር በሚባል፣ የደምን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያዳምጥ መሣሪያ ተለክቶ ከክንዴ ጋር ተነጻጽሯል፤ የእግር ግፊት ከክንዱ ግማሽ በታች የሆነበትን ሰው አጥብቆ ማሰር የቀረችውንም ደም መከልከል ነውና። ሳይለኩ ፋሻ የሚያጠብቁትን ሰዎች፣ በቅንነት ቢያደርጉትም፣ እፈራቸዋለሁ። አንቲባዮቲክን በየጊዜው መዋጥንም እንዲሁ፤ በቆየ ቁስል ላይ ባክቴሪያ አይጠፋም፣ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ግን መቅላቱ ሲስፋፋ፣ ሕመሙ ሲብስ ወይም ትኩሳት ሲመጣ ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣኝ የቁስሉ አንዱ ጠርዝ ወደ ሐምራዊ መለወጡ ነው። ይህ የእኔ ዓይነት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚወጣ፣ ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም የሚባል ሌላ ቁስል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙ ከሥር እየተቦረቦረ በፍጥነት የሚሰፋ፣ ሕመሙም ከስፋቱ በላይ የሆነ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ስሙን ያወጡለት የአሜሪካ ሐኪሞች ኢንፌክሽን መስሏቸው ነበር፤ ዛሬ ከመከላከያ ሥርዓቱ መዛባት እንደሚመጣ ይታወቃል። አስቸጋሪው ነገር ሕክምናው ተቃራኒ መሆኑ ነው። የሞተ ሥጋን ቆርጦ ማጽዳት ሌላውን ቁስል ሲረዳ ይህን ግን ሊያስፋፋው ይችላል፤ እኛ እየቀነስነው ያለው ፕሬድኒሶሎንም ለዚህኛው ከዋና መድኃኒቶቹ አንዱ ነው።

ለመለየት ከጠርዙ ላይ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ይህም የደም ሥር ብግነትና ካንሰር አለመኖሩን ለማየት ይጠቅማል። ሆኖም የተፈራው ቁስል ከሆነ ናሙና መውሰዱ ራሱ ሊያሰፋው ይችላል። ሐኪሜ ይህን ሳይደብቁ ነግረውኛል፤ መድኃኒቱን በግምት ከመለወጥ ይሻላል ብዬ ተስማምቻለሁ። እስከዚያ ድረስ ሲስተር ቁስሉን በጨው ውሃ ብቻ እያጠበች፣ ጠርዙን ሳትፍቅ ትሸፍንልኛለች።