ጥሬ ምግብ በቤታችን፦ ስንት ሰው ያጠግባል? ስንት ቀን ያድራል?

«ጥሬ መብላት ልጀምር ነው» ስል የባለቤቴ ወንድም ቁርጥ መስሎት «በጾም?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔ ያልኩት ሥጋውን አልነበረም፤ ጎመኑን፣ አቮካዶውን፣ የተዘፈዘፈ ለውዙን፣ የበቀለ እህሉን እሳት ሳይነካው መብላት ነው። የዚህ አመጋገብ ወዳጆች ምግብ ከ42 ዲግሪ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከ48 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም ይላሉ። ምክንያታቸው በጥሬው ምግብ ውስጥ ያለው፣ ለመፈጨት ያግዛል የሚሉት ኢንዛይም እንዳይሞት ነው። ኢንዛይሙማ ሆድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ አብዛኛውን ይሰባብረዋል፤ በዚህ በኩል ብዙም አላመንኳቸውም። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከሰል ማያያዝ ሰልችቶኝ ነበር።

የጀመርኩት በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ የካቲት 17 ገባ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። ጅማ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ግቢ ሲሆን ግማሹ ሰው ዘጠኝ ሰዓትን፣ ግማሹ የፀሐይን መጥለቅ ይጠብቃል፤ ቴምሩ ከዚያ ቤት ወደዚህ፣ ሰላጣው ከዚህ ቤት ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስጨነቀኝ አሠራሩ ሳይሆን ልኩ ነበር። ስንት ልሥራ? የተረፈውስ እስከ መቼ ይበላል?

መጀመሪያ የሞከርኩት የታሸ ጎመን ነው። ከሂርማታ ገበያ ሁለት እስር የአበሻ ጎመን ገዛሁ። የአሠራሩ ጽሑፍ «ለ4 ሰው» ይላል፤ እኛ አምስት ነን፣ ከአምስቱ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ ይበቃል አልኩ። ጎመኑን እንደ ክር አድርጌ ስከትፈው ሳፋው ሞልቶ ጫፉ ላይ ቆመ። ጨው ነሰነስኩበት፣ ሁለት ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ከዚያ እንደ ልብስ አሸሁት። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አይሆንም፣ ቅጠሉ እጅ ላይ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ድንገት ይሸነፋል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ይጠራቀማል፣ ያ የሞላ ሳፋ ወደ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይወርዳል። ሳህኑን ገበታው ላይ ሳስቀምጥ አማቴ ዓይናቸውን ከሳህኑ ወደ እኔ አመጡና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማባያ ነው ምሳ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ጥያቄ የጠቀመኝ የለም። ጽሑፎቹ «ለ4 ሰው» ሲሉ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ይዞ፣ አጠገቡ ሌላ ምግብ ኖሮት፣ ይቺን በጎን የሚበላ መስሏቸው ነው። እኛ ዘንድ አንድ ትሪ ነው፤ ማን ስንት ጭልፋ እንደወሰደ የሚቆጥር የለም፣ ቢቆጥርም ነውር ነው። በዚያ ላይ ደግሞ «እንብላ» ስትል እምቢ የማይል እንግዳ ይመጣል። ስለዚህ ሰው መቁጠሩን ትቼ ሚዛን ገዛሁ፤ ያቺን የኬክ ቤት ዓይነት ትንሿን። ለሦስት ሳምንት የቀረበውንም የተረፈውንም እየመዘንኩ ደብተር ላይ ጻፍኩ። በእኛ ቤት የወጣው ልክ እንዲህ ነው፤ እንጀራ ካለ ለአንድ አዋቂ 120 ግራም የጎመን ወይም የካሮት ሰላጣ ይበቃል። እንጀራ ከሌለ ግን 350 ግራምም አቮካዶ ወይም ለውዝ ካልገባበት አያቆይም፤ በ10 ሰዓት ሁሉም ኩሽና ውስጥ ይገኛል። ልጆቹ የአዋቂውን ግማሽ ይበላሉ፣ ማንጎ ከሆነ ግን እጥፉን።

መለኪያውም ራሱ ጉድ ነው። «አንድ ኩባያ» ሲሉ የአሜሪካኖቹ 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ የእኔ የወተት ኩባያ 300 ይይዛል፣ የሻይ ብርጭቆዬ ከ150 አያልፍም። ከዚህ የከፋው ደግሞ «ሁለት ኩባያ ሽምብራ» የሚለው ነው። ደረቅ ነው ወይስ የተዘፈዘፈ? እኔ ደረቁን ወሰድኩ። አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ አድሮ ሲነሳ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሲበቅል ደግሞ ይጨምራል። ሳምንት ሙሉ የሚበላ የበቀለ ሽምብራ ወጣልኝ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ጽሑፉ «በፍሪጅ 5 ቀን ይቆያል» ይል ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ ሆዱን ቆረጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ አደረ። በቆልቱን አወጣሁና አሸተትኩት፤ የለመለመ ሣር ነው የሚሸተው። ጫፉ ነጭ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል። በሦስተኛው ቀን ነው ጣት ላይ መሟለጥ የጀመረው። ያመመው ከእሱ ይሁን ከሌላ ነገር በእርግጠኝነት አልናገርም፤ የጤና ባለሙያዋ ግን ምን እንደበላ ስትጠይቀኝ «ጥሬ በቆልት» እንዳልኳት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እህል የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለሳልሞኔላና ለኢ ኮላይም ምቹ ነው፤ ጀርሙ ከዘሩ ጋር ሊመጣ ስለሚችል ማጠብ አያስወግደውም፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ጥሬውን አትስጪ አለችኝ። ቤት ስመለስ አማቴን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «እናንተ በቆልት እንዴት ነበር የምትበሉት?» «ቀቅለን ነዋ!» አሉ፣ የሞኝ ጥያቄ ሰምተው። እውነትም ነው፤ በቆልቱ ይቀቀላል፣ ተልባው ይታመሳል፣ ሱፉም እሳት ያየዋል። አሁን በቆልት ስሠራ ቀቅዬ ነው፣ ጥሬነቱ ይቅርብኝ። ቦሎቄን ደግሞ ጨርሶ ጥሬ አላስበውም፤ በተለይ ቀዩ ካልፈላ ጥቂት ፍሬው ራሱ ሰው የሚያስመልስ መርዝ አለበት። «ማንኛውንም ጥራጥሬ አብቅሉ» የሚል ካያችሁ እለፉት።

ከዚያ በኋላ ፍሪጁን ራሱን ጠረጠርኩ። ቴርሞሜትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ መሃል መደርደሪያው ላይ አሳደርኩት። ጠዋት 9 ዲግሪ! መሆን ያለበት 4 ወይም ከዚያ በታች ነው። ለካ «3 ቀን»፣ «5 ቀን» የሚለው ሁሉ ለዚያ ቅዝቃዜ የተጻፈ ነው። ቁልፉን አዙሬ አወረድኩት፣ በሩ ላይ የነበረውንም የተከተፈ ነገር ወደ ውስጥ ወሰድኩት፤ በሩ ሁልጊዜ ይሞቃል።

ቀጥሎ ያለው መብራት ነው። በሩ ሳይከፈት ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እኔ ሥራ ላይ ስሆን መቼ እንደሄደና መቼ እንደመጣ አላውቅም፤ የሚያውቁት አማቴ ናቸው። «እማማ፣ መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ያዙልኝ፣ ፍሪጁንም አይክፈቱት» አልኳቸው። አሁን ስገባ ከሰላምታ በፊት ዜናው ይነገረኛል፤ «በ5 ሄዶ በ10 መጣ»። አምስት ሰዓት ማለት ነው፣ የተከተፈው ሁሉ ይደፋል። ያማል፣ ግን ይደፋል። ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ስኒ በረዶ ላይ ሳንቲም አስቀምጫለሁ፤ ከከተማ ወጥተን ስንመለስ ሳንቲሙ ሥር ገብቶ ካገኘሁት በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው።

አቮካዶ የተቃራኒውን አስተማረኝ። ጅማ ላይ አቮካዶ ሞልቶ ነው፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ፍሬ ይበቃል፣ የፈጨሁት ግን ሁልጊዜ ይተርፋል። በማግስቱ ላዩ ጠቁሮ ሳየው ስንት ጊዜ ደፋሁት! መጥቆሩ የአየርና የኢንዛይሙ ሥራ ነው እንጂ መበላሸት አይደለም፤ ሎሚ ያዘገየዋል፣ ላስቲክ ላዩ ላይ ጥብቅ አድርጎ መለጠፍም ይረዳል። የጠቆረውን በማንኪያ ገፍፌ ከሥር ያለውን እስከ ማግስቱ ማታ እንበላለን። ለዓይኔ ያስጠላው ጥቁሩ አቮካዶ ደህና ነው፣ ዓይኔን የማረከው በቆልት ግን የሚያስጠረጥር ሆነ።

ለውዝ ሳይቆላ ከገበያ ስገዛ ጭብጥ ጭብጥ እያደረግኩ እለቅማለሁ። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ የነካካውን አውጥቼ እጥላለሁ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ቢታጠብም ቢቆላም አይጠፋም። አንድ ጭብጥ ወደ 30 ግራም ነው፣ ለአንድ ሰው የቀን ልክ ይሆናል። ዘፍዝፌ የማወጣው ወተት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አያልፍም። ተልባ ፍሬው ሳይፈጭ ወራት ይቀመጣል፤ ከተፈጨ ግን ቅባቱ አየር አግኝቶ ቶሎ ይመራል፤ ስለዚህ የሳምንቱን ብቻ ፈጭቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ልኩ ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ እንዴት እንደሚያብጥ ያላየ ሰው ያንሳል ብሎ ይጨምርና ሲጠጣ ይታነቃል።

በተልባ አንድ ሌላ ነገርም ሞክሬ ነበር፤ ከቲማቲም ጋር ለውሼ በፀሐይ የደረቀ ብስኩት። መጋቢት ውስጥ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ጣራ ላይ አወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ፣ አስገባሁት፤ በማግስቱም እንዲሁ። ላዩ ሲነካ ደረቅ ስለሆነልኝ ክዳን ባለው ዕቃ ከተትኩት። በአራተኛው ቀን መሃሉ ላይ ግራጫ ጸጉር አብቅሎ ጠበቀኝ። ጎረቤታችን የቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «እህቴ፣ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ እጅ ላይ ሲነቀነቅ ድምፅ ሳይሰጥ ጆንያ ይገባል እንዴ?» ቡናው እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ ሳይወርድ አይከማችም፤ እኔ ቲማቲም ያለበትን ሊጥ በሁለት ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት ብዬ ነበር። የሻገተውን ቆርጬ ሌላውን ለማትረፍ እጄ ሄዶ ነበር፣ ሁሉንም ደፋሁት። እንደ ጅማ ዝናብ በማያጣ ከተማ ብስኩት በፀሐይ አድርቄ ላከማች የሚል ሰው የቡና አልጋ ያለውን ሰው ትዕግሥት ይኑረው።

ዳጣ የምትወዱ ይቺን ስሙኝ። እኔ ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን ፈጭቼ አየር እንዳይገባው ብዬ ላዩ ላይ ዘይት አፈስበትና መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ነበር። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ አየር የሌለበት፣ አሲድ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ቦታ። መርዙ ደግሞ አይሸትም። አሁን ዘይቱን ሲቀርብ ነው የማፈስበት፤ ሎሚና ጨው ጨምሬ፣ ፍሪጅ አስገብቼ፣ በአራት ቀን የሚያልቅ ብቻ እፈጫለሁ።

ዛሬ ሥራዬን ያቀለለኝ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። የተከተፈው ካሮት ለብቻው፣ ማጣፈጫው በጠርሙስ ለብቻው፣ ለውዙ ደረቅ እንዳለ። ሰላጣ ቅጠል ሎሚና ጨው ካገኘው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይልፈሰፈሳል፤ የታሸው ጎመን ግን ሁለት ቀን ይቆያል፣ እንዲያውም በማግስቱ ይጣፍጣል። እንግዳ ሲመጣ የምቀላቅለው ይጨምራል፣ ካልመጣ የተቀላቀለ ነገር አይተርፍም።

ዕቃዎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ የተሠራበትን ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ አማቴ አንዱን ይዘው መጡ። «ይሄ ‹ረቡዕ 3 ሰዓት› ያልሽው የጠዋቱ ነው የማታው?» እኔም አላስታወስኩም፣ ደፋነው። አሁን ከሰዓቱ አጠገብ «ጠ» ወይም «ማ» እጨምርበታለሁ።