በሩን ከፍቶ የሚቆም ባቡር

ጎንደር ውስጥ ሀዲድ የለም። እኔ ግን የቤት ፕላን ከመሳል በተረፈኝ ጊዜ ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርድ ቀላል ባቡር እሳላለሁ። ያዘዘኝ የለም፣ የሚከፍለኝም የለም። ባለቤቴ "የሰው ባል ማታ ማታ ኳስ ያያል፣ አንተ ሀዲድ ታሰምራለህ" ትለኛለች። ኳሱንም አያለሁ እኮ፣ እያሰመርኩ ነው እንጂ።

ቀጥ ያለ መስመር መሳል ቀላል ነው። አንድ ሀዲድ ለመሄጃ፣ አንድ ለመመለሻ፣ በየመሃሉ ጣቢያ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው መስመሩ ሲገነጠል ነው። የኔው ደግሞ አዘዞ ላይ መገንጠሉ አይቀርም። የመኪናው መንገድ ራሱ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው። አንዱ በኤርፖርቱ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ መተማ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ላውራ፣ አጭር ነው። ዋናው መስመር ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ቢያልፍ በሰዓት 20 ባቡር ይሆናል። አዘዞ ላይ ለሁለት ሲከፈል ለአንዱ ቅርንጫፍ 10 ይደርሰዋል፤ ጫፍ ላይ ያለው ሰው በየ6 ደቂቃው ያገኛል። ሦስተኛ ቅርንጫፍ እንጨምር ካልን ጥበቃው 9 ደቂቃ ገባ። ፖለቲከኛ ቅርንጫፍ ይወዳል፣ ለሁሉም ሰፈር ባቡር ደረሰ ይባልለታላ። ጥበቃው ግን የተሳፋሪው ነው።

ከዚህ የባሰው መገናኛው ነው። ሲወጣ መለያየት ቀላል ነው፣ ባቡሩ ተራውን ጠብቆ ወደየመንገዱ ይሄዳል። ሲመለስ ግን ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች ወደ አንድ ሀዲድ መግባት አለባቸው። የኤርፖርቱ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ የመተማው ተራ ላይ ይወድቃል። አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ጥያቄው የት ይቁም ነው።

ብዙ ቦታ ላይ የሚቆመው ጣቢያው ሳይደርስ፣ ሜዳ ላይ ወይም ዋሻ ውስጥ፣ በሩ እንደተዘጋ ነው። ተሳፋሪው ጣቢያው በመስኮት እየታየው መውረድ አይችልም። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ንድፌ ላይ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ባቡር መቆሙ ካልቀረ በሩን ከፍቶ ይቁም።

አንድ ቀን ወረቀቱን ሚኒባስ ውስጥ ዘርግቼ ሳለ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። የአዘዞ መስመር ሾፌር ነው።

"ጋሼ፣ እዚች ጋ ለምን ሦስት ሀዲድ ሆነ? ሁለት አይበቃም?"

ወደ ፒያሳ ለሚመጣው ሁለት፣ ለሚወጣው አንድ ነው ብዬ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ "ልክ ነው። አዘዞ ላይ ቆሞ ፒያሳ የሚል ሰው ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ከፒያሳ ስነሳ ግን አስሬ ነው የት ነህ የሚለኝ" አለ።

ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ወደ መሃል የሚገባ ሰው ባቡሩ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደመጣ ደንታ የለውም፣ ቀድሞ የሚነሳውን ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁለቱም ቅርንጫፍ የሚገቡት ባቡሮች በአንድ ፕላትፎርም፣ ማለትም ተሳፋሪ ቆሞ በሚጠብቅበት መድረክ፣ ግራና ቀኝ መቆም አለባቸው። ሰውዬው መሃል ቆሞ ቀድሞ የሚሄደውን ይሳፈራል።

ይህን ያልጠበቀ ጣቢያ ምን እንደሚመስል ለንደን ካምደን ታውን ላይ ማየት ይቻላል። እዚያ ኖርዘርን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ከሰሜን ሁለት ቅርንጫፍ፣ ከደቡብም ሁለት መንገድ አለው። መገናኛው በፈረንጅ 1924 ሲሠራ ለባቡሮቹ ተጠንቅቀውላቸዋል። ዋሻዎቹ አንዱ በሌላው በላይ ስለሚያልፉ የአንዱን አቅጣጫ ባቡር የሌላው አያቋርጠውም። መሐንዲሱን ባርኔጣ ያስወልቃል። ፕላትፎርሙ ግን በቅርንጫፍ ነው የተመደበው። ከኤጅዌር የሚመጣው አንድ ቦታ ይቆማል፣ ከሃይ ባርኔት የሚመጣው ሌላ ቦታ። ሁለቱም ደግሞ በሁለቱም የደቡብ መንገዶች፣ ባንክ ወደሚባለው ጣቢያም ወደ ቻሪንግ ክሮስም ሊሄዱ ይችላሉ። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ከአንዱ ወደ ሌላው በኮሪደር መሮጥ ነው።

አዲስ አበባ ስኖር ቀላል ባቡሩን ብዙ ተሳፍሬበታለሁ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ማለቴ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ አንድ ሀዲድ ይጋራሉ። ከቃሊቲ መጥቶ ጦር ኃይሎች ለሚሄድ ሰው ግሩም ነው፤ ለገሃር ይውረድ ሜክሲኮ፣ እዚያው ቆሞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ከቃሊቲ ወደ አያት ለሚሄድ ግን ስታዲየም ወርዶ አቅጣጫ መቀየር የግድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚያገኘው ምቾት በፕላትፎርሙ ዓይነት ይወሰናል። ፕላትፎርሙ በሁለቱ ሀዲዶች መሃል ከሆነ ፊቱን አዞረ ማለት ነው። በሁለቱ ዳር ከሆነ ግን ሀዲድ መሻገር ወይም ደረጃ ወርዶ መውጣት አለበት፣ ያውም ሻንጣ ይዞ።

ሲንጋፖርም የኤርፖርት ቅርንጫፍ አላት፣ ከታና ሜራ ጣቢያ የምትነሳ። በፈረንጅ 2002 ኤርፖርት ድረስ ስትደርስ ባቡሮቹ ከመሃል ከተማ በቀጥታ ይሄዱ ነበር። በዓመቱ ግን ቀጥታው ቀረና ባቡሩ በታና ሜራና በኤርፖርቱ መካከል ብቻ የሚመላለስ ሆነ። በዋናው መስመር ወደ ፓሲር ሪስ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ነበር፣ ከዚያ ላይ ባቡር ቀንሶ ለኤርፖርት መስጠት አላዋጣም። ይህን ያለ ብዙ ችግር ማድረግ የቻሉት ጣቢያው ሲሠራ ሁለት ፕላትፎርምና ሦስት ሀዲድ ስለነበረው ነው። የኤርፖርቱ ባቡር መሃለኛው ሀዲድ ላይ ይገባ ጀመር። እኔም ከዚህ አንድ ነገር ወሰድኩ። አዘዞ ላይ ትርፍ ሀዲድ ካለ፣ ነገ ሐሳብ ቢቀየር ጣቢያ አይፈርስም።

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ከፒያሳ ስንወርድ ቀኝ በኩል የሚወጣው ሀዲድ አለ፣ ከዳሩ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ፕላትፎርም። ቀጥሎ ከመተማ በኩል የሚገባው ሀዲድ። ከዚያ 6 ሜትር የሚሰፋ የመሃል ፕላትፎርም፣ ከሱ ማዶ ከኤርፖርት የሚገባው ሀዲድ። እያንዳንዱን ሀዲድ 3.5 ሜትር ብሰጠው ድምሩ 20 ሜትር ነው። አራት ሀዲድና ሁለት የመሃል ፕላትፎርም ባደርግ 26 ሜትር ይፈልግ ነበር። በየቀኑ ከይዞታ ካርታ ጋር የሚውል ሰው 6 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የስንት ሰው አጥር ነው!

ሁለቱ የሚገቡ ሀዲዶች የሚገናኙት ከጣቢያው በኋላ፣ በፒያሳ በኩል ነው። ቀድሞ የደረሰው በሩን ከፍቶ ተራውን ይጠብቃል።

አንድ መጋጨት ይቀራል። መተማ በቀኝ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣው ባቡር ወደ ኤርፖርት የሚወጣውን ሀዲድ ማቋረጡ አይቀርም። በላይ የሚያልፍ ድልድይ ቢሠራ ይፈታል፣ ግን ለ30 ሜትር ባቡር ድልድይ መሥራት ቅንጦት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ መሻገሪያውን ለመልቀቅ 15 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፣ የምልክቱ ጊዜ ሳይጨመር። ስለዚህ ቅድሚያ ለሚገባው ሰጠሁ። የኤርፖርቱ ባቡር እስኪያልፍለት ድረስ አይነሳም፤ አሁንም ፕላትፎርም ላይ፣ አሁንም በሩ ክፍት። እስከ መጨረሻው ሰከንድ ሮጦ የሚደርስ ሰውም ይገባል።

የተጎዳ ሰው አለ፣ አልደብቅም። ከመተማ በኩል መጥቶ ኤርፖርት የሚሄደው ሀዲድ ተሻግሮ መዞር አለበት። ብዙ አይሆንም ብዬ ጨክኜበታለሁ። ሾፌሩ ግን አልተዋጠለትም፣ "እሱ ነው እኮ ዕቃ የሚበዛበት" አለኝ። ለጊዜው ያደረግሁለት መሻገሪያውን ከፕላትፎርሙ ጋር እኩል፣ ደረጃ የሌለው ማድረግ ነው። ጋሪ የሚገፋም እንዲያልፍበት።

ጣቢያው ሜዳ ላይ መሆን አለበት፣ ባቡሩን ከሀዲድ ወደ ሀዲድ የሚያዛውሩት ማዞሪያዎችም እንዲሁ። ቁልቁለት ላይ ባቡር በር ከፍቶ ማቆየት ራስ ምታት ነው። አዘዞ በዚህ በኩል ከፒያሳ ይሻላል፣ ፒያሳ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። የሱን ገና እየሳልኩ ነው። በአዘዞ መገንጠያ ዙሪያ ቤት ያላችሁ፣ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ አጥራችሁ ስንት ሜትር እንደሆነ ብትጽፉልኝ ሥራዬ ይቀላል። ላፈርሰው አይደለም፣ አይዟችሁ።