መልካም ገና፣ ቆመው ለሚዘምሩ

ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ሁኑ ሪያድ፣ ቄጤማው የተጎዘጎዘበት፣ ዘመድ ከዘመዱ የተገናኘበት በዓል ይሁንላችሁ። ዘንድሮ ልጽፍላችሁ የወደድኩት ስለ ኳስ ደጋፊዎች ነው። የምኖርበት የበርሊን ከተማ ያስተማረኝ ነገር አለና ለእናንተም እንዲደርሳችሁ ፈለግሁ። (ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኮፐኒክ በሚባል ሰፈር፣ ጫካ ተጠግቶ የቆመ ስታዲየም አለ፤ የዩኒየን በርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ገና ሲቃረብ ክለቡ በሁለተኛው ሊግ ግርጌ ተዘፍቆ ነበር። ዲሴምበር 23 ማታ 89 ደጋፊዎች ማንም ሳይጋብዛቸው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ባዶው ስታዲየም ገቡና የገና መዝሙር ዘመሩ። በዚያ የውድድር ዘመን ማብቂያ ቡድኑ ወረደ። ዝማሬው ግን ቀጠለ፤ ዛሬ በዚያች ምሽት ከ20 ሺሕ በላይ ሰው ሜዳውንም መቆሚያውንም ይሞላዋል።

ከመካከላቸው ቆሜ አይቻለሁ። ሁሉም ቀይና ነጭ የአንገት ልብስ ጠምጥሟል፤ በአንድ እጁ ሻማ፣ በሌላው የመዝሙር ደብተር ይዟል። አጠገቤ የነበረው አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧል፤ የልጁ ሻማ ሰም በአባቱ ኮፍያ ላይ ይንጠባጠባል፤ አባትየው ግን ልብም አላለው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ይዘምራል። የሰፈሩ ተማሪዎች መዘምራን ይመራሉ፣ ፓስተሩ የልደቱን ታሪክ ከወንጌል ያነባል። ከዚያ በሁለት መዝሙሮች መካከል አንዱ ከጥግ የክለቡን ጭፈራ ያነሳል፤ ስታዲየሙ በሙሉ ይቀበለዋል። ማንም ማንንም ዝም አላሰኘም። የገናው መዝሙርና የኳሱ ጭፈራ በአንድ ጉሮሮ ሲወጡ ስሰማ፣ ይህ ሕዝብ እዚህ ቦታ እንግዳ እንዳልሆነ ገባኝ።

እንግዳ ሊሆንም አይችልም። በ2004 ክለቡ በገንዘብ እጦት ሊፈርስ ሲል ደጋፊዎቹ ደማቸውን ለግሰው፣ ለለጋሽ የሚከፈለውን ገንዘብ ለክለቡ ሰጡ። በ2008 እና በ2009 ስታዲየሙ መታደስ ሲኖርበት ደግሞ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች በበጎ ፈቃድ 140,000 ሰዓት ያህል ሠሩ፤ ሲሚንቶ አቦኩ፣ ብረት በየዱ። ከ22,012 ቦታዎች መቀመጫ ያላቸው 3,617 ብቻ ናቸው። የቀረው ሕዝብ ቆሞ ነው የሚያየው፤ እንዲህ እንዲሆን የፈለገውም ራሱ ነው።

በጀርመን ከ1998 ጀምሮ 50+1 የሚባል ደንብ አለ። የክለቡ አብላጫ ድምፅ በአባላቱ እጅ እንዲቀር ያስገድዳል፤ ጥቂት ክለቦች በልዩ ሁኔታ ቢያልፉትም መሠረቱ ይኸው ነው። ታዲያ ዲሴምበር 11 ቀን 2023 የሊጉ ክለቦች ተሰብስበው በምሥጢር ድምፅ ሰጡ። የቀረበው ሐሳብ የሊጉ የቴሌቪዥንና የንግድ መብት ከሚያስገኘው ገቢ 8 ከመቶውን ለ20 ዓመት ለአንድ ባለሀብት ኩባንያ መስጠት ነበር፤ በምላሹ እስከ አንድ ቢሊዮን ዩሮ ይጠበቃል። ከ36ቱ 24ቱ ደገፉት፤ ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ ልክ ያን ያህል ነበር። ድምፅ ከሰጡት የክለብ ተወካዮች አንዱ የራሱ ክለብ «ተቃወም» ብሎት ደግፎ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ነገሩ ያኔ ከረረ።

ደጋፊዎቹ በመጀመሪያ ዝም አሉ። ጨዋታ ሲጀመር ለ12 ደቂቃ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፍሽ አይልም፤ የተጫዋቾቹ ጫማ ኳሱን ሲመታ በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር። ዝምታቸው ሰሚ ሲያጣ የቴኒስ ኳስና የቸኮሌት ሳንቲም ወደ ሜዳ ይዘንብ ጀመር። ኮሎኝ ከብሬመን ሲጫወቱ በሪሞት የሚነዱ የመጫወቻ መኪኖች ጭስ እየለቀቁ ሜዳውን ዞሩ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2024 በዚያው በኮፐኒክ፣ ዩኒየን ከቮልፍስቡርግ ሲጫወት ግጥሚያው ለግማሽ ሰዓት ገደማ ተቋረጠ። የባላጋራ ክለብ ደጋፊዎች፣ በሌላ ቀን ዓይን ለዓይን የማይተያዩት፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ዘረጉ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ሊጉ እቅዱን ተወው።

ሁሉንም አላጸድቅም። በአንድ ጨዋታ የአንድ ሽማግሌ ባለሀብት ፎቶ በዒላማ ምልክት ውስጥ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ያ ነውር ነው፤ ሰውን ማስፈራራት የትኛውንም ዓላማ ያቆሽሻል። የቴኒስ ኳሱን ግን ከልቤ እደግፋለሁ። ማንንም አልጎዳም፤ ቴሌቪዥኑ የገዛውን ሰዓት ግን በልቷል፤ ሊያነጋግሯቸው ያልፈለጉት ሰዎች የሚሰሙት ያንን ብቻ ነበር።

የእኛ አባቶች ይህን ያውቁት ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉ፣ ሩሯ በተለጋች ቀን ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ ዘፋኙ በግጥም ቢሸነቁጠው ባለ ርስቱ እንደማይቀየም መናገራቸው ነው። ሜዳው በዚያ ቀን የጌታው አልነበረም። ጌታውም ይህን አምኖ ነበር ዱላውን ይዞ የሚወጣው።

ስለ ጀርመኖቹ ስጽፍ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት መሄዱ አልቀረም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ግብፅን! ድሉ የተገኘው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር፤ የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካን መመዘኛ ስላላሟሉ «የሜዳችን» ጨዋታ እዚያ ተደረገ። በአዲስ አበባ ስታዲየም ያን ዕለት ሊጮህ ይገባው የነበረ ሕዝብ በየቤቱና በየካፌው ተበታትኖ አየው። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎችም በእኛው አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ፣ ክለቡ ሌላ ከተማ፣ ደጋፊው ሌላ ከተማ ሆኖ ወቅቱ ያልፋል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሣርና መብራት ገንዘብ ይፈልጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ጭፈራውን ከታላቅ ወንድሙ ጎን ቆሞ የሚማረው ልጅ ነው። አንድ ትውልድ ሳይቆም ካደገ ግጥሙን ማን ያወርሰዋል?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የክለባችሁ የደጋፊዎች ማኅበር አባል ካልሆናችሁ ሁኑ፣ ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ ስታዲየሙ መቼ እንደሚጠናቀቅ፣ የሜዳ ጨዋታ መቼ ወደ ሜዳው እንደሚመለስ ጠይቁ፤ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

በአዲስ አበባ ስታዲየም በካታንጋ ለጮሃችሁ፣ በሚስማር ተራ ፀሐይ ለመታችሁ፣ በከማን አንሼ ጎረምሳ ሆናችሁ ለጨፈራችሁ፣ ጥላ ፎቅ ለነበራችሁም ጭምር፣ የጊዮርጊስም ሁኑ የቡና፣ እንኳን አደረሳችሁ። መልካም ገና!