ውሃው ወባ ይዞታል

ነገሩ የሆነው ባሕር ዳር ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ላይ የላብራቶሪ ረዳት ሆኜ ስሠራ። ከመስቀል በኋላ ወባው ሲበረታ፣ ከምዕራብ ጎጃም ቆላማ ቀበሌዎች ፊልተር ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ይመጣልናል። እኛ ከወረቀቱ ዲኤንኤ አውጥተን ፒሲአር፣ ማለትም ጥቂቱን ዲኤንኤ እጅግ አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ፣ እንሠራለን። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፦ በማይክሮስኮፕ ነጻ ከተባሉት ስንቶቹ ሳይታመሙ ወባ ተሸክመው ይዞራሉ?

ውጤቱ ልብ ያማልላል። የተባዛው ዲኤንኤ በርዝመቱ የሚለይበት ጄል ላይ የፋልሲፓረም፣ የአደገኛው ወባ፣ ባንድ (የሚያበራ ጭረት) በሚጠበቅበት ርዝመት፣ 205 ላይ፣ እዚህም እዚያም ቦግ ቦግ ይላል። አለቃችን ፕሮፍ ደስ ብሏቸዋል፣ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ሪፖርት የምናቀርብበት ቀንም ደርሷል።

ፖስትዶኳ ግን ፎቶውን አጉልታ እያየች ዝም አለች። ዳር ላይ ያለው መስመር ደም የለበትም። ውሃ ብቻ ነው፣ ምንም ባንድ ማውጣት የሌለበት፣ ኔጌቲቭ ኮንትሮል የምንለው። እሱም ባንድ አውጥቷል። ደብዘዝ ያለ፣ ግን አለ።

«ውሃው ወባ ይዞታል» አለች። እኛ ሳቅን፣ እሷ አልሳቀችም።

ፕሮፍ «ይቺ ምን አላት፣ ፎቶውን ከዳር ቆረጥ አድርጊውና እንቀጥል» አሉ። ልብ በሉ፣ ፖስትዶክ ማለት ዶክትሬቱን ጨርሶ ቋሚ መደብ ያላገኘ ሰው ነው። ደመወዙ ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ጋር ያልቃል፤ ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘውም ባሳተመው ጽሑፍና አለቃው በሚጽፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የእሷ ኮንትራት ደግሞ ሊያልቅ ተቃርቧል። ከሁላችንም መቸኮል የነበረባት እሷ ነበረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ፕሮፍ፣ ውሃውን ካላመንን የሰዎቹንም ማመን አንችልም» ብላ ሥራውን አስቆመችው።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ። የምንሠራው ኔስትድ ፒሲአር ስለሆነ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ትዩቡ ይከፈትና ጠብታ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል፣ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የተባዛው ዲኤንኤ ጓንቱም ላይ ጋዋኑም ላይ ጠረጴዛውም ላይ ሊቀር ይችላል። ፒፔት ለወጥን፣ ውሃ ለወጥን፣ አዲስ ሪኤጀንት (የምርመራውን ኬሚካል) ከፈትን። ባንዱ ወይ ፍንክች!

አንድ ማለዳ ፖስትዶኳ ቀድማ ገብታ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች አየቻቸው። አንድ ጨርቅ ነው የያዙት። ከጄል ክፍሉ ጠረጴዛ ይጀምሩና ማስተር ሚክስ (የፒሲአሩን ኬሚካሎች ቅልቅል) የምናዘጋጅበት ንጹህ ክፍል ላይ ይጨርሳሉ።

«እትዬ፣ በረኪና አያደርጉበትም?»

«እረግ! በረኪና ዕቃ ይበላል፣ በአልኮል ብቻ ጥረጊ አላላችሁኝም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፣ ብለናል። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ዲኤንኤ አያጠፋም። የሚያጠፋው ያው ከሱቅ የሚገዛው በረኪና ነው፣ ዕቃው እንዳይበላ በኋላ በውሃ ማበስ ብቻ ነው። ከየትኛው ክፍል ጀምረው የት መጨረስ እንዳለባቸውም የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኛ ሥልጠና ላይ ሻይ ስንጠጣ እሳቸው ውጭ ኮሪደር ይጠርጉ ነበር።

ጽዳቱ ከንጹሁ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ፣ ለየክፍሉ የራሱ ጨርቅና ጋዋን ተመደበ። ናሙናዎቹን እንደገና ስንሠራ ውሃው ባዶ ሆነ። ከነዚያ «ተሸካሚ» ካልናቸው ሰዎች ደህና ያህሉም አብረው ጠፉ።

ሪፖርቱ ዘገየ። ጽሑፉ ሳይታተም የፖስትዶኳ ኮንትራት አልቆ ሌላ አገር ሄደች። ፕሮፍ አሁን አዲስ ሰው ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ውሃው ባንድ ቢያወጣብህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ነው። ይህን ሲጠይቁ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።