ከኮኔ ወደ ቴኡማ፣ ገልና ቃል ይዞ

ከኒው ካሌዶኒያ ዋና ከተማ ከኑሜአ ወደ ሰሜን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተን ኮኔ ገባን። አርኪዮሎጂስቶቹ ኤድዋርድ ጊፎርድና ሪቻርድ ሸትለር በ1952 እ.ኤ.አ. የቆፈሩት የባሕር ዳርቻ እዚህ ነው። በታንኳ ተጉዘው እነዚህን የፓስፊክ ደሴቶች መጀመሪያ የሰፈሩባቸው ሰዎችና ሸክላቸው የሚጠሩበት «ላፒታ» የተባለው ስያሜ ራሱ የጆሮ ስሕተት ነው። በአካባቢው ሃቬኬ ቋንቋ ጉድጓድ መቆፈርን የሚያመለክተውን «ኻፔታ» ቆፋሪዎቹ «ላፒታ» ብለው ሰሙት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የላፒታ ገል ሲታይ ብርሃኑ ከጎን ይምታው። ፊት ለፊት ጭረት የመሰለው፣ ጥርስ ባለው ማኅተም የተወጋ የነጥብ ረድፍ ሆኖ ይወጣል። ነጥቦቹን የሞላ ነጭ ኖራ ሊኖር ስለሚችል በብሩሽ አይፈተግም። የተሠራበትን ደሴት የሚያጋልጠው ግን ከጭቃው ጋር የተለወሰው አሸዋ ነው፤ ገሉ ተቆርጦ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ይሞረድና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቫኑዋቱ ውስጥ ቴኡማ ላይ ከተገኙት ሸክላዎች አንዳንዶቹ ከዚሁ ከኒው ካሌዶኒያ የሄዱ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው። እኛም ተከትለናቸው ወደ ቫኑዋቱ ዋና ከተማ ወደ ፖርት ቪላ በረርን።

ቴኡማ 3000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የላፒታ ሰዎች የመቃብር ስፍራ ነው። የአዋቂዎቹ አጽም ራስ ቅል የለውም፤ ከቀብር በኋላ ተነሥቷል። አንዱ ደረት ላይ ሦስት ራስ ቅል ተደርድሮ ተገኝቷል። ዕድሜ ሲለካ የሚያሳስተው ባሕሩ ነው፦ የባሕር ካርቦን 400 ዓመት ያህል ያረጀ ስለሚመስል የዛጎልም ሆነ የዓሣ በላተኛ አጥንት ቁጥር ሳይታረም አይወሰድም።

የተጓዙበት ታንኳ ግን የለም፤ እርጥበቱ በልቶታል። የተረፈው በአፍ ነው። ታንኳ በፊጂ «ዋንጋ»፣ በቶንጋ «ቫካ»፣ በማኦሪ «ዋካ» ይባላል። የእነዚህ ሁሉ ወላጅ ለሆነው ለጥንቱ የኦሺኒያ ቋንቋ የቋንቋ ሊቃውንት መልሰው ያቆሙት ቃል «ዋጋ» ተብሎ ይጻፋል። ከእኛ ዋጋ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ አንድ ቃል ስለተመሳሰለ ዝምድና አይታወጅም። የሚፈለገው ደጋግሞ የሚመጣ የድምፅ ለውጥ ነው፦ ሦስት በሳሞአ «ቶሉ»፣ በሃዋይ «ኮሉ»፣ በማኦሪ «ቶሩ»፤ ጎደሬም «ታሎ»፣ «ካሎ»፣ «ታሮ»። የሳሞአው «ተ» ሃዋይ ላይ «ከ»፣ «ለ»ው ማኦሪ ላይ «ረ» ይሆናል። በዚሁ መንገድ የሸራ «ላያር» እና የማብሰያ ሸክላ «ኩሮን» ተገኝተዋል።

ቴኡማ ባለበት በኤፋቴ ደሴት ላይ ቃል የሚሰበስብ ሰው «ና» ያስቸግረዋል። ኮኮናት «ናኒዩ» ነው፤ ፊት ያለው «ና» መስተአምር ነበር፣ አልኮል ውስጥ እንዳለው የዐረብኛ «አል» ተለጥፎ ቀረ። ሳይገፈፍ ከሳሞአ «ኒዩ» ጋር የሚያነጻጽር ዝምድናው ያመልጠዋል።

ትልቁን እንቆቅልሽ ያመጣው የጥንት ዲኤንኤ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረመሩት የቴኡማ ሰዎች ለታይዋንና ለፊሊፒንስ ሕዝቦች የቀረቡ ነበሩ። የዛሬዎቹ ቫኑዋቱዎች የዘር ሐረግ ግን በአብዛኛው ኋላ ከኒው ጊኒ አጠገብ ካሉት ከቢስማርክ ደሴቶች የመጡት ፓፑዋውያን ነው። ከ100 የሚበልጡት አገር በቀል ቋንቋዎቻቸው ግን ሁሉም ኦሺኒያዊ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቋንቋ ዘሮች ናቸው። መጤዎቹ ጥቂት በጥቂት እየገቡ የነባሮቹን ቋንቋ ለመዱ የሚለው ማብራሪያ ለእኛ ያሳምናል፤ በአንድ ጊዜ ጎርፈው ቢሆን ኖሮ «ኒዩ» ባልተረፈ።