የወደቀ የጦር አውሮፕላን ስብርባሪን መመርመር፦ ከጎጃም የመስክ ሥራ የተገኘ ልምድ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቅ አንድ የእርሻ ተዳፋት ላይ፣ የአካባቢው ሰው «የጣሊያን አውሮፕላን» የሚለውን ስብርባሪ ስመረምር ቆይቻለሁ። ቦታውን በስም የማልጠቅሰው ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች እንዳይደርሱበት ስለምሰጋ ነው። እስካሁን ከሁሉ በላይ የገባኝ፣ ቁራጩ የተኛበት ቦታ ከቁራጩ ባልተናነሰ ማስረጃ መሆኑ ነው፤ ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ የተነሣ ብረት ከየት እንደመጣ የሚናገርለት አያገኝም።

በተዳፋቱ ግርጌ የተከማቹትን የብረት ቱቦዎች መለካት ስጀምር፣ የማሳው ባለቤት የሆኑት አዛውንት «ልጄ፣ የወደቀው እዚህ አይደለም፤ ከላይ ከወሰኑ ላይ ነበር። በሬና ጎርፍ ነው ያወረደው» አሉኝ። በእርግጥም የጤፍ መሬት ደጋግሞ ስለሚታረስ ማረሻው ቀላሉን ብረት እየጎተተ ያርቀዋል፤ ዋልካ አፈርም በበጋ ሲሰነጠቅ ትንንሹን ይውጣል፣ በክረምት ሲያብጥ ደግሞ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ማረሻ ያልነካው የወሰን ድንጋይ ሥር የተገኘውን ከታረሰው መሬት ከተገኘው ለይቼ በካርታ ማስፈር ጀመርኩ፤ የምተማመነውም በመጀመሪያው ነው። አውሮፕላን በዝቅተኛ ማዕዘን ሲከሰከስ ስብርባሪው በበረራው አቅጣጫ ረዝሞ ይበተናል፣ እንደ ሞተር ያለው ከባድ ክፍልም ከሌላው አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በአፍንጫው ተተክሎ ከወደቀ ግን ጉድጓድ ቆፍሮ በአንድ ስፍራ ይከማቻል። በወሰኑ ድንጋዮች መካከል ቀልጦ የረጋ አልሙኒየም መኖሩ ከውድቀቱ በኋላ እሳት እንደነበረ ያመለክታል፤ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ብረቱ ቅርጹን ይዞ ይቀራልና።

አውሮፕላኑ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የአፍ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኦሜድላ ገብተው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ ድረስ በነበረው ዘመቻ፣ ከጣሊያን ሌላ የእንግሊዝ አየር ኃይልም በጎጃም ሰማይ ላይ ይበር ነበር። የጣሊያኑ ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ 133 የተበየደ የብረት ቱቦ አጽም ነበረው፤ አብዛኛው ልባሱ ጨርቅ በመሆኑ፣ ቆርቆሮ አለመገኘቱ ሁልጊዜ የመዘረፍ ምልክት አይደለም። የእንግሊዙ ቦምብ ጣይ ቪከርስ ዌልስሊ አጽም ደግሞ እንደ ቅርጫት የተጠላለፈ የዱራሉሚን (ጠንካራ የአልሙኒየም ቅይጥ) ዘንግ ነው። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ከክንድ ባልረዘመ ቁራጭ እንኳ ብዙ መለየት ይችላል።

ይበልጥ የረዳኝ ግን የሞተሩ ቅሪት ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ሲሊንደሮቹ (ነዳጁ የሚቃጠልባቸው ክፍሎች) በመሐል ዘንጉ ዙሪያ እንደ ጮራ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። ካፕሮኒ 133 እያንዳንዳቸው ሰባት ሲሊንደር ያላቸው ሦስት የፒያጆ ሞተሮች ሲኖሩት፣ የዌልስሊው ሞተር ብሪስቶል ፔጋሰስ ዘጠኝ፣ የጣሊያኑ የፊያት ሲ.አር. 42 ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ደግሞ በሁለት ረድፍ ዐሥራ አራት ሲሊንደር አላቸው። የሞተሩ አካል ተሰብሮ ግማሹ ቢጠፋም፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የሲሊንደር መቀመጫዎች መካከል ያለውን ማዕዘን መለካት ይበቃል፦ 51 ዲግሪ ገደማ ከሆነ በረድፉ ሰባት፣ 40 ከሆነ ዘጠኝ ናቸው። እኔ የለካሁት ወደ 51 የቀረበ ሲሆን፣ ሁለተኛ ረድፍ የነበረበት ምልክት አላየሁም። ይህ ከቱቦዎቹ ጋር ሲደመር ወደ ካፕሮኒ ያዘነብላል፤ ቁጥር የተቀረጸበት ሰሌዳ ሳይገኝ ግን ደምድሜ አልጽፍም።

ተመሳሳይ ቦታ ለምትጎበኙ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ጣሊያን በወረራው ወቅት የሰናፍጭ ጋዝ የያዙ ቦምቦችን ጭምር ከአውሮፕላን ጥላለች፤ ድፍንና ሞላላ የሆነ ብረት ካያችሁ ሳትነኩት ራቁና ለፖሊስ አመልክቱ። የሰው አጥንት ከታየም ሥራው እዚያው መቆም አለበት፤ የሞተው ወገን ይሁን ጠላት፣ አጽሙ ክብር ይገባዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ስለሚከለክል፣ የእኔ ሥራ ከመሬት በላይ ያለውን በመመዝገብ ብቻ የተወሰነ ነው።

አዛውንቱ በየቤቱ የሚገኙ ቁራጮችን ባለቤቶቹ ዘንድ ሊያሳዩኝ ፈቅደዋል። ቀጣዩ ሥራዬ እነዚያን ሳልወስድ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥር ያለባቸውን መለየትና እያንዳንዱ ከየትኛው ማሳ እንደተነሣ ከአንሺዎቹ ወይም ከልጆቻቸው ጠይቆ በካርታው ላይ ማስፈር ነው።